ዳይናሚክ ቋንቋዎች ከነባር የጃቫ ሥርዓት ጋር

እንደ ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕትና ሩቢ ባሉ ዳይናሚክ ቋንቋዎች፣ ለዓመታት የተገነባን የጃቫ ኮድ ሳያፈርሱ አዲስ ሥራ መጨመር ይቻላል። አንዱ መንገድ፣ ጄሩቢ ሩቢን እንደሚያስኬደው፣ ቋንቋውን በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ማስኬድ ነው፤ ጃቫ 6 በ2006 እ.ኤ.አ. ለዚህ መደበኛ በር ከፍቷል። ሁለተኛውና ለጥገና የሚቀለው በዌብ ኤፒአይ መነጋገር ነው።

ለሁለተኛው መንገድ በኢትዮጵያ ጥሩው ምሳሌ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ2 ነው። ከአዳማ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ ጤና ጣቢያዎች የሚሰበሰበው ወርኃዊ ሪፖርት የሚያርፈው በጃቫ በተጻፈ ሰርቨር ላይ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያያቸው ገጾች ግን በጃቫስክሪፕት የተሠሩ ናቸው። ተጨማሪ ማጣሪያ የሚፈልግ ባለሙያም ዋናውን ኮድ ሳይነካ፣ በአጭር የፓይተን ስክሪፕት መረጃውን በኤፒአዩ በኩል በጄሰን ቅርጸት መቀበል ይችላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የቀን አቆጣጠር ነው። ሥርዓቱ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፤ የፓይተን መደበኛ የቀን ላይብረሪ ግን የጎርጎርዮስን ብቻ። ጥቅምት 30 ቀን 2016 «30-02-2016» ተብሎ ቢገባ ስክሪፕቱ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይቆማል፤ ጳጉሜንም እንደ 13ኛ ወር አይቀበልም። የካቲት 30 ግን «30-06-2016» ሲባል ጁን 30 ሆኖ በዝምታ ያልፋል፤ አደገኛው ይኸኛው ነው፤ የአንድ ወረዳ ሪፖርት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ሌላ ዘመን ይሄዳል።