የማይዋዥቅ ቮልት ታሪክ፤ ከፉሪ ተራራ ጣቢያ ተነሥተን ስንመለከተው

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በሰበታ አቅጣጫ፥ የፉሪ ተራራ ይገኛል። በዚህ ስፍራ በ1997 (በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የዓለም አቀፉ የምድር መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መረብ አንድ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ጣቢያውም በተራራው ስም ይታወቃል። አስቀድሞ ይህን ሥራ በአገራችን የጀመረው አባ ፒየር ጉዌን በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሠረቱት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነበር። እኛ ግን እዚህ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም እንዲህ ባለ ጣቢያ ለሚመዘገበው ቍጥር ዋስ የሚሆነው ምንድን ነው? የሚል ነው።

መሣሪያው የምድሩን እንቅስቃሴ ወደ ቮልት ይለውጣል፤ ቀጥሎም ይህን ቮልት መጠኑ አስቀድሞ ከታወቀ ሌላ ቮልት ጋር እያመዛዘነ ቍጥር ያደርገዋል። እንግዲህ መመዘኛው ከተዛባ ቍጥሩም ይዛባል። ጨርቅ በክንድ የሚለካ ነጋዴ ክንዱ በየዕለቱ የሚያጥር ቢሆን፥ የዛሬው ስድስት ክንድ ከአምናው ስድስት ክንድ ጋር ሊተያይ አይችልም። ባትሪም እንደዚሁ ነው። 12 ቮልት የሚባለው የመኪና ባትሪ ሲሞላ ወደ 12.7 ቮልት ይደርሳል፤ ሲደክም ከ12 በታች ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪ የግድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ባትሪ ኃይል ይሰጣል እንጂ መመዘኛ አይሆንም።

ሊቃውንት ይህን ችግር ያቃለሉት ደረጃ በደረጃ ነው። በ1873 ላቲመር ክላርክ ከዚንክና ከባዜቃ መለኪያ ባትሪ ሠራ፤ ቮልቱ ግን በሙቀትና በብርድ ይለዋወጥ ነበር። በ1893 ኤድዋርድ ዌስተን በዚንክ ፈንታ ካድሚየም በማግባት የተሻለ አገኘ፤ ይህም በ20 ዲግሪ ሙቀት 1.0183 ቮልት ገደማ ይሰጣል። የዌስተን ባትሪ ለብዙ ዘመን የዓለም መለኪያ ሆኖ ኖረ። ሆኖም ኃይል ሊቀዳበት፥ ሊናወጥም አይገባውም ነበርና ከላቦራቶሪ ወጥቶ ለተራራ ሥራ አይመችም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዜነር ዳዮድ ጠንካራና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በደንብ የሚሠራው ከ5 እስከ 7 ቮልት አካባቢ ስለሆነ፥ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ለሚሠራ መሣሪያ አይበቃም። መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ከሲሊኮን ጠባይ ነው። የአንድ ሲሊኮን መጋጠሚያ ቮልት ሙቀት አንድ ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ወደ 2 ሚሊቮልት ይቀንሳል፤ እኩል ባልሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሠሩ የሁለት መጋጠሚያዎች ልዩነት ግን ሙቀት ሲጨምር ያድጋል። ይህ ልዩነት በተገቢው መጠን ተባዝቶ ከመጀመሪያው ጋር ቢደመር፥ አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይሞላዋል፤ ድምሩም 1.2 ቮልት ገደማ ሆኖ ይጸናል። ይህን ሐሳብ በ1964 ዴቪድ ሂልቢበር አቀረበ፤ ሮበርት ዊድላር በ1971፥ ፖል ብሮካው በ1974 አሻሻሉት።

አንዳንዱ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። እርግጥ የመንቀጥቀጥ መጠን የሚሰላው በሎጋሪዝም ስለሆነ፥ የመመዘኛው 10 በመቶ ስሕተት በመጠኑ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 0.04 ብቻ ነው። ዳሩ ግን መሐንዲስ የሚፈልገው የመሬቱን የመናወጥ ስፋት ነው፤ በዚያ ላይ 10 በመቶ ስሕተት ሳይቀንስ 10 በመቶ ሆኖ ይገኛል። በ1961 በደሴ መንገድ ባለችው በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጐዳ፤ ከ2024 እስከ 2025 ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ ምድሩ ደጋግሞ ተናወጠ፥ ሕዝብም ከቀዬው ተነሣ። አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች የስምጥ ሸለቆ ጎረቤት ሆነው ፎቅ በሚሠሩበት በዚህ ዘመን፥ የአንዱ ትውልድ መዝገብ ከሌላው ጋር መተያየት ይኖርበታል። ስለዚህ የጣቢያ ባለአደራዎች መሣሪያው መሥራቱን ብቻ ሳይሆን መመዘኛው መጽናቱንም በየጊዜው እየፈተኑ ውጤቱን በመዝገብ ሊያኖሩ ይገባል እንላለን።