ስፍራን የማወቅ ጥበብ፤ ከዳባዲ እስከ ሮቦት

በዲክሲስ ሜዳ ላይ ቆሞ ያለበትን ስፍራ ለማወቅ የሚሻ መንገደኛ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ጭላሎን ይፈልጋል። ጉም ተራራውን የሸፈነው እንደ ሆነ ግን በስንዴው ማሳ መካከል የተራመደውን ከመቁጠር ሌላ መላ የለውም። ተንቀሳቃሽ ሮቦትም ዛሬ ስፍራውን የሚያውቀው በእነዚሁ በሁለቱ መንገዶች ነው።

በአገራችን ይህን ጥበብ በሰፊው ከሠሩበት አንዱ ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር አስተማማኝ ካርታ ስላልነበረው፣ የቆመበትንም ሆነ የሚያየውን ተራራ ስፍራ ባንድነት ማግኘት ነበረበት። ከየኮረብታው በቴዎዶላይት ጫፎችን እያነጣጠረ አቅጣጫቸውን መዘገበ፤ ኬክሮሱንም ከሰማይ አካላት ለካ። በሰሜንና በደቡብ የሚተያዩ ሁለት ጣቢያዎች ኬክሮሳቸውና አቅጣጫቸው ከታወቀ፣ መሬት ላይ ሰንሰለት ሳይዘረጋ ርቀታቸው በስሌት ይገኛል። ድካሙ ግን በስሌቱ ላይ ነበር፤ መጽሐፉ ታትሞ የተፈጸመው በ1873 ነው።

ሼኪ የተባለው ሮቦት ከ1966 እስከ 1972 በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሠራ የመንኮራኩሩን ዙር ይቆጥር ነበር። በቆጠራ ብቻ የሚሄድ ሁሉ ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይርቃልና፣ በካሜራው የግድግዳ ማዕዘን እያየ ራሱን ያርም ነበር። ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ያቀረበው ስሌት ቆጠራውንና እይታውን እንደ አስተማማኝነታቸው መዝኖ ያዋሕዳል። ካርታንና ስፍራን ባንድነት የማስላቱ ጥናት በ1980ዎቹ ሲጀመር፣ ሊቃውንቱ ሳያውቁት የዳባዲን ጥያቄ እንደ ገና አነሡት ለማለት እደፍራለሁ።

ሳተላይቶችም ከሰማይ የተሰቀሉ ጭላሎዎች ናቸው፤ መቀበያው ቢያንስ ከአራቱ የሚመጣውን ምልክት ጊዜ ይለካል። ሆኖም ቁጥር ያለ መነሻ ምንም አይደለም። የአገራችን ነባር ካርታዎች መነሻቸው በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለው የአዲንዳን ጣቢያ ሲሆን፣ ከሳተላይቶቹ መነሻ ጋር በ200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዲክሲስ አጠገብ ለውሃ ጕድጓድ ችካል ስተክል፣ ቁጥሩን ከነባሩ ካርታ አንብቤ የመቀበያዬን መነሻ ሳልለውጥ ቀረሁ። ችካሉ ከአንድ ገበሬ ማሳ መካከል ገባ። ባለ ማሳው ሽማግሌ ቡቃያቸውን እንዳልረግጥ ከለከሉኝና፣ «ልጄ፣ የምትፈልገው ረግረግ ከዚያ ማዶ ነው» ብለው በከዘራቸው ወደ ሰሜን አመለከቱኝ።