የነጅድ ዜማ በአዲስ መድረክ፦ ባህላዊ ሙዚቃን የማደስ ጥበብ በሪያድና በአዲስ አበባ

ሪያድ፦ የሳዑዲ ዓረቢያ መዲና ሪያድ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የታላላቅ የሙዚቃ ዝግጅቶች ከተማ ሆናለች። በመድረኮቿ ከሚቀርቡት ሥራዎች ከፊሎቹ ግን አዲስ የተደረሱ አይደሉም፤ ከትውልድ ትውልድ በቃል የተላለፉ ዜማዎች በዘመኑ አቀናባሪዎች እጅ ታድሰው የሚቀርቡ ናቸው። ለመሆኑ ማደስ ሲባል ምን ማለት ነው? የትኛው ክፍል ቢለወጥ ዜማው ያው ዜማ ሆኖ ይቀጥላል? የትኛውስ ቢነካ ስሙ ብቻ ይቀራል? ጥያቄው አዲስ አበባም ከ60 ዓመታት በላይ ስትመላለስበት የኖረች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነጅድ ሁለት ጥበቦች

ሪያድ የምትገኝበት የነጅድ ምድር በተለይ በሁለት የጋራ ጥበቦች ይታወቃል። የመጀመሪያው ዓርዳ ነው። ጥንት ለጦርነት ወኔ መቀስቀሻ የነበረው ዓርዳ፣ ዛሬ የበዓልና የክብር ሥነ ሥርዓት ማድመቂያ ሆኗል። ቀለል ያለ ሰይፍ የያዙ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ረድፍ የግጥሙን ስንኝ ሲያዜም ሌላው ተቀብሎ ይመልሳል፤ ትልልቅና ትንንሽ ከበሮዎችም ተደራርበው ምቱን ይመራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የነጅድ ዓርዳን በ2015 በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል።

ሁለተኛው ሳምሪ ሲሆን፣ ስሙ የምሽት ጨዋታን ከሚያመለክት የዓረብኛ ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ተጫዋቾቹ በሁለት ረድፍ ተንበርክከው፣ ዱፍ የተባለውን ሰፊ የእጅ ከበሮ እየመቱና በእርጋታ እየተወዛወዙ፣ ነባጢ በሚባለው የሕዝብ ቋንቋ ግጥም የፍቅርና የናፍቆት ስንኞችን ይቀባበላሉ።

ሁለቱም ጥበቦች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ዜማው የሚቆመው በቅብብል ነው፤ አንዱ ካልተቀበለ የሌላው ስንኝ ጎዶሎ ይሆናል። አድሱ የሚሉ ሙዚቀኞች የሚፈተኑትም እዚህ ላይ ነው።

ከረድፍ ወደ ኦርኬስትራ

በሳዑዲ ዓረቢያ ይህን ጉዞ ከጀመሩት መካከል ቀዳሚው በጧኢፍ የተወለደው ጧሪቅ ዓብዱልሐኪም (1920–2012) ነው። የጦር መኮንን የነበረው ይህ የዜማ ደራሲ በግብፅ ሙዚቃ ተምሮ ተመለሰ፤ የሠራዊቱን የሙዚቃ ትምህርት መሠረተ፤ የአገሩን የሕዝብ ዜማዎችም ሰበሰበ። በ1981 ዓለም አቀፉን የዩኔስኮ የሙዚቃ ሽልማት ተቀብሏል፤ በጅዳ አሮጌው ከተማ በአልበለድም በስሙ የተሰየመ ቤተ መዘክር አለ። ከእርሱ በኋላ ጠላል መዳሕና ሙሐመድ ዓብዱ የሕዝብ ዘፈኖችን ከዑድና ከሙዚቃ ጓድ ጋር አስማምተው ለሰፊው የዓረብ ዓለም አድማጭ አድርሰዋል።

በባህል ሚኒስቴር ሥር የሙዚቃ ኮሚሽን ከተቋቋመበት ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሥራው ተቋማዊ መልክ ይዟል። የሳዑዲ ብሔራዊ ኦርኬስትራና መዘምራን በ2022 በፓሪስ፣ በ2023 በኒውዮርክ፣ በ2024 በለንደንና በቶኪዮ፣ በ2025 መጀመሪያም በሪያድ በንጉሥ ፋህድ የባህል ማዕከል የአገሪቱን ዜማዎች አቅርቧል።

የአቀናባሪው ችግር ቀላል አይደለም። መቃም የሚባለው የዓረብ የዜማ ሥርዓት በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉት። ቫዮሊንና ዑድ እነዚህን ድምፆች በጣት ማውጣት ይችላሉ፤ ፒያኖ ግን አይችልም። ስለዚህ አቀናባሪው ወይ ፒያኖውን ዝም ማሰኘት፣ ወይ ዜማውን ማስተካከል ይኖርበታል። ዜማው በተስተካከለ ቁጥር ከመንደሩ አዋቂዎች ጆሮ ይርቃል።

ባሕር የማይለያቸው መሣሪያዎች

ኢትዮጵያዊ አድማጭ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የሚያውቀውን ድምፅ ማግኘቱ አይቀርም። የበረሃው ገጣሚ ግጥሙን የሚያጅብባት ረባባ እንደ ማሲንቆ በአንድ ጭራ ትዘፈዘፋለች፤ እንደ አዝማሪውም ገጣሚው ራሱ ይጫወታታል። በያንቡዕና በሌሎች የቀይ ባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚደረደረው ሲምሲሚያ ደግሞ የክራር ዘመድ ነው፤ ጥንታዊው ዓይነቱ 5 ክሮች አሉት። ዩኔስኮ የሲምሲሚያን አሠራርና አጨዋወት በ2024 በሳዑዲ ዓረቢያና በግብፅ የጋራ ጥያቄ መዝግቧል።

አዲስ አበባ የሄደችባቸው መንገዶች

የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ለተመሳሳይ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጥተዋል። የመጀመሪያው የባህል መሣሪያዎቹን ሳይለውጡ አቀማመጣቸውን መለወጥ ነው። በካይሮ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም አልደብዕ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ መራው። ከተለያዩ አካባቢዎች የመጡ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንት፣ የበገናና የከበሮ ተጫዋቾች በአንድነት ተቀመጡ። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ ነውና፣ ሁሉንም በአንድ ቃና ማስማማት ራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፤ መሣሪያውን ለውጦ ቅኝቱን መጠበቅ። በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በብሪታንያና በቦስቶን ተምሮ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ወደ ቫይብራፎን፣ ወደ ፒያኖና ወደ ሳክስፎን ወሰዳቸው። ኢትዮ ጃዝ የተባለው ስልት በዚህ ተወለደ፤ በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበምም የስልቱ ምስክር ነው። ሙላቱ የጃዝን አጃቢ ድምፆች ሲጨምር ባለ 5 ድምፁ ቅኝት እንዳይዋጥ መጠንቀቁ ለሥራው ዕድሜ ሰጥቶታል።

የኤሌክትሪክ ዘመን

ሦስተኛው መንገድ በኤሌክትሪክ የተከፈተ ነው። የኮንጎዋ ኪንሻሳ ለዚህ ግሩም ምሳሌ ትሆናለች። ኮኖኖ ቁጥር 1 የተባለው ቡድን በአውራ ጣት የሚመታውን ሊኬምቤ ከአሮጌ መኪና ዕቃ በተሠራ ድምፅ ማጉያ አጮኸው። ምክንያቱ ችግር ነበር፤ የገጠሩ መሣሪያ በከተማው ሁካታ ውስጥ አይሰማም። ከማጉያው የወጣው ሻካራ ድምፅ ግን የቡድኑ መለያ ሆኖ ቀረ።

በኢትዮጵያ ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ» በተሰኘ አልበሙ የብሔረሰቦችን ምት ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋህዷል። በሪያድ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የሚካሄደው ሳውንድስቶርም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ለወጣቶች ሰፊ መድረክ ከፍቷል፤ ሲራ የተባለው የከተማዋ ሴቶች ቡድንም የዓረብ ዜማን ከሮክ ጋር ያዋህዳል።

የሚጠበቀውና የሚለቀቀው

ከእነዚህ ሁሉ ተሞክሮዎች አንድ ነገር ይታያል። መሣሪያ ቢለወጥ ሙዚቃ አይሞትም፤ ኮንጎም ጅማም ይህን አሳይተዋል። አደጋው ያለው ምቱ፣ ቅኝቱና ቅብብሉ ሲላላ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሳምሪ በመድረክ ወደ 5 ደቂቃ ሲያጥር ከግጥሙ አብዛኛው ይቀራል፤ ተቀባዩ ረድፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨብጫቢ ሲሆን ደግሞ መልሱን የሚያውቅ ሰው ይቀንሳል። የተቀረጸ ድምፅ ዜማውን ያስቀምጥ ይሆናል፤ መቼ መቀበል እንደሚገባ የሚያስተምረው ግን ረድፍ ውስጥ መቆም ነው። በወሎም ሆነ በነጅድ፣ ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ወጣት ተቀባይ ካላገኙ ኦርኬስትራው ነገ የሚያቀናብረው ዜማ አያገኝም።

በሪያድ የሚኖር የአማርኛ ተናጋሪ ዓርዳን በቅርብ ለማየት ከፈለገ፣ የካቲት ወር ውስጥ በፌብሩዋሪ 22 የሚከበረው የምሥረታ ቀንና በሴፕቴምበር 23 የሚውለው ብሔራዊ ቀን የተመቹ ጊዜያት ናቸው። በሁለቱ ረድፎች መካከል የሚመላለሰውን ስንኝ ልብ ብሎ ያደመጠ ሰው፣ የታደሰውን ሥራ በአዳራሽ ሲሰማ ምን እንደተጠበቀና ምን እንደተለቀቀ ለይቶ ማወቅ ይችላል።