ከጉዛራ በታች ያሉት ቤቶች

ከጎንደር በስተ ደቡብ ያለችው እንፍራንዝ ስትጠራ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ጉዛራን ነው፤ በአርኖና በጋርኖ ወንዞች መካከል ካለው ኮረብታ ላይ ቆሞ ጣናን ቁልቁል የሚያየውን ባለ ፎቅ ግንብ። የአገሩ ሰው ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት ይላል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አንዳንድ የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ግንቡ የተያያዘበት ኖራ በአገራችን የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ ገደማ ነው ብለው የግንቡን ዕድሜ ዝቅ ያደርጉታል። እነሱ ይከራከሩ። እኔ እዚያው አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኋላም ጎንደር ከተማ ልጃገረዶችን ባልትና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ንጉሡና መኳንንቱ እላይ ሲከርሙ፣ እታች ያለው ሰው የሚያድርበት ቤት ምን ይመስል ነበር? ይመች ነበር ወይ?

ለዚህ አንድ ጥሩ ምስክር አለ፤ ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም። ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል በ1699 ጎንደር የገባው ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም ነበር። በማግስቱ ዓመት እንፍራንዝን አይቶ የጻፈው ነገር ጎንደሬዎችን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከተማዪቱ ከጎንደር ታንሳለች፣ ግን ታምራለች፣ አቀማመጧም ይበልጣል፣ ቤቶቿም የተሻሉ ናቸው ይላል። ቤትና ቤትን የሚለየው ሁልጊዜ ለምለም የሆነ የቁጥቋጦ አጥር ነው፤ አጥሩ አበባና ፍሬ ለብሷል፤ በመካከሉም እኩል እየተራራቁ የተተከሉ ዛፎች አሉ። ቤተ መንግሥቱንም ሳይጠቅስ አላለፈም፤ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ከተማውን ይገዛል ብሎ በአጭሩ ጨረሰው። ዓይኑ ያረፈው ግን አጥሩ ላይ ነው።

ፖንሴ የቁጥቋጦውን ስም አልጻፈም። እኔ ቀጋ ነው እላለሁ። አበባና ፍሬ በአንድ ትንፋሽ የሚነሣለት፣ ነጭ አበባው ሲረግፍ ቀይ ፍሬው የሚተካ፣ ልጅ የሚበላው፣ ከብት ግን የማይደፍረው እሾኽ ያለው አጥር በእኛ አገር ቀጋ ነው። ዛፎቹ ደግሞ ወይራም ዋንዛም ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናው ነገር ማንም ሰው ዛፍ እኩል አራርቆ የሚተክለው ለማገዶ ብቻ ብሎ አለመሆኑ ነው። ለዓይን ብሎ የተከለ ሰው ነበር ማለት ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በእንፍራንዝ።

ወይንም ነበር። ፖንሴ የደረሰው በየካቲት፣ ወይን በሚለቀምበት ወር ነው፤ ከስምንት ፓውንድ በላይ የሚመዝን ዘለላ አየሁ ይላል። ነጩ ወይን ጣዕሙ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሰው እንደሚንቀው ታዝቦ ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ ከመልሳቸው የተረዳው የፖርቱጋሎችን መልክ ስለሚመስል መሆኑን ነው! የፖርቱጋሎቹ ካቶሊክ ካህናት በዐፄ ፋሲል ከተባረሩ ስድሳ ዓመት አልፎ ቂሙ ወይኑ ላይ ቀርቶ ነበር።

ቤቶቹ ግን ሁሉም የሰው መኖሪያ ብቻ አልነበሩም። እንፍራንዝ የታወቀችው በባሪያና በዝባድ ንግድ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳይጠሩ ስለ አጥሩ ውበት ብቻ ማውራት ነውር ነው። እነዚያን ግቢዎች የጠረጉ፣ ውኃውን የቀዱ፣ እህሉን የፈጩ እጆች ብዙዎቹ የተሸጡና የተገዙ ሰዎች እጆች ነበሩ። ዝባዱን በተመለከተ፣ ፖንሴ እስከ 300 ጥሪኝ የሚያረቡ ነጋዴዎች ነበሩ ይላል። በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ ሥጋ፣ አራት ቀን የወተት ገንፎ ነገር ያበሏቸዋል፤ በየጊዜው መልካም ሽታ ያጥኗቸዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከሰውነታቸው የሚወጣውን ቅባት ፍቀው በበሬ ቀንድ ያስቀምጣሉ። ዝባድ በሩቁ፣ በጥቂቱ ነው ሽቶ የሚሆነው፤ በጥሬው ከቅርብ ያሸተተ ሰው ያውቀዋል። 300 ጥሪኝ የያዘ ጎረቤት ያላት እመቤት ወፍራም አጥር ብትወድ አይፈረድባትም።

ነጋዴዎቹ ብዙዎቹ እስላሞች ነበሩ። በጎንደር በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እስላሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ በራሱ ሠፈር እንዲኖር ተወስኖ ነበር። እንፍራንዝ ላይ ግን ፖንሴ ያየው የእስላሙና የክርስቲያኑ ቤት ተደባልቆ፣ እስላሙም ሃይማኖቱን በግልጽ ይዞ ነው። በአንድ አጥር ግራና ቀኝ።

ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዚያው አለፈ። መንገዱ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ዳገት ነው ይላል። ቤቶቹ 300 ያህል ናቸው፤ ከኮረብታው ወገብ ላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ዞረዋል፤ ከበላያቸው እስከ ጫፉ ድረስ ዛፍ የሞላበት የጓሮ መሬት አለ። የዐፄ ዮሐንስን ቤትም አይቷል፤ አራት ማዕዘን ግንብ ነው፤ እየፈረሰ ነበር። የሣርና የጭቃው ቤት ግን ሰው ሞልቶበት፣ በሩን ለጣና ከፍቶ ቆሟል።

ይህ አያስገርመኝም። ግንብ አንዴ ሠርተው ይተዉታል፤ ጎጆ ተሠርቶ አያልቅም። ጎንደር በ1866 በቴዎድሮስ፣ በ1888 በድርቡሽ ስትቃጠል የግንቦቹ ወለልና ጣሪያ ወድሞ እስከ ዛሬ ባዶ አጥንታቸው ቀርቷል። ሣር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ግን እህልና ጤና ከተረፈው በአንድ በጋ ይተካዋል። ወንዶች እንጨቱን ይቆርጣሉ፣ ግድግዳውን ያቆማሉ፣ ማገሩን ያስራሉ፣ በደቦ ተጠራርተው ሰንበሌጡን ይከድናሉ፤ ጉልላቱ ላይ ውኃ እንዳያስገባ የተሰበረ እንስራ ይደፉበታል፤ ጠላቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ ያለው ነገር ጥላ ነው እንጂ ቤት አይባልም። ከዚያ በኋላ ያለው የሴት ሥራ ነው፤ ምርጊቱ፣ መደቡ፣ ምድጃው፣ ጎታው፣ ወለሉ። ታሪክ ጸሐፊ የግንበኛውን ስም ይፈልጋል፤ መራጊዋን የጠየቀ አላጋጠመኝም።

እኔ የተማርኩት ከአያቴ ነው፤ እምዬ ነበር የምንላት። ለግድግዳው ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ተሸፍኖ፣ ሽታው እስኪለወጥ ይቦካል፤ ሳይቦካ የተመረገ ቤት በመጀመሪያው ፀሐይ ይሰነጠቃል። ወለሉ ደግሞ በእበት ነው። እበቱ የጠዋት መሆን አለበት፤ ፀሐይ ሳይመታው ከበረት ይዛቃል። ክረምት ለምለም ሣር የበላች ላም እበት ይለሰልሳል፤ በጋ ገለባ ስትበላ ይሻክራልና በእጅ እየታሸ ጭራሮው ይለቀማል። የተነፋ አመድ ጥቂት ይጨመርና በውኃ እንደ አብሲት እስኪሆን ይበጠበጣል። ወለሉ ቀድሞ ይጠረጋል፣ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ከዚያ ከምሰሶው ማዶ፣ ከጓዳው ጥግ ተጀምሮ በመዳፍ በግማሽ ክብ ይለቀለቃል፤ አንዱ ግማሽ ክብ የሌላውን ጫፍ በጣት ያህል ይደርባል፤ ወደ በሩ እያፈገፈጉ ይወጣሉ። «አንቺ ልጅ፣ በክንድሽ አይደለም፣ በወገብሽ ነው» ትለኝ ነበር እምዬ። ከወፈረ ይፈረፈራል፣ ከቀጠነ አቧራውን አያስርም። ሲደርቅ የጣቶቿ መስመር በወለሉ ላይ ይቀራል፤ የእሷን ልቅለቃ ከእናቴ ልቅለቃ በመስመሩ እለየው ነበር።

ጥቅሙ ለማማር ብቻ አልነበረም። ቁንጫ የምትራባው በትቢያ ውስጥ ነው፤ በእበቱ ውስጥ ያለው የሣር ጭረት ትቢያውን አያይዞ ሲያስቀር መራቢያ ታጣለች። ትኋን ሌላ ጠላት ነው፤ የጠፍር አልጋው በየጊዜው ፀሐይ ላይ ወጥቶ መጋጠሚያው የፈላ ውኃ ይጠጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል። የወተቱ ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ለዓመት በዓል ደግሞ ከሐይቁ ዳር ቄጤማ መጥቶ ይጎዘጎዛል፤ ውጭ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ቤቱ እርጥብ እርጥብ ይሸታል።

ጢሱን ማንሣቴ አይቀርም፤ እዚህ ላይ ብሩስ እንደገና ያስፈልገኛል። በዚያው በ1770 ጎንደር ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው የታመሙ ልጆችን እንዲያክም ጠሩት። እንደሚለው ከሆነ የአገሩ ልማድ በሽተኛውን ንፋስ እንዳይነካው በር መዝጋት፣ እሳት ማንደድ፣ ልብስ መደራረብ፣ ቤቱን አጨልሞ በሻማ ማጋል ነበር። እሱ ግን በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ደግሞም በዕጣንና በከርቤ በብዛት አሳጠነ። ይህን ገጽ ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ሁልጊዜ የማቆመው መጨረሻው ላይ ነው። ፈረንጁ መስኮት መክፈትን በሶርያ ሐለብ ከነበረ ሐኪም ወዳጁ ተምሮ መጣ፤ ዕጣኑን ግን እኛው ቤት አገኘው። መስኮትን በተመለከተ ግን ብሩስ ረትቶናል፤ ያደግሁበት ቤት መስኮት አልነበረውም፤ የእምዬ ዓይንም በምድጃ ጢስ እንደተለበለበ ነው ያረጀው።

ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ጎንደርን ሲይዝ ፒያሳን፣ ሲኒማውን፣ ፖስታ ቤቱን ሠራ። ወደ እንፍራንዝ የደረሰው ለውጥ ግን ቀስ ብሎ፣ በየተራ ነው የመጣው፤ ባሕር ዛፍ፣ ምስማር፣ ቆርቆሮ። ከዚያ ጋዜጣ። በልጅነቴ ጭቃ ግድግዳ ላይ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ መለጠፍ የሠለጠነ ቤት ምልክት ነበር፤ ትንሽ ወረድ ስትሉ አዲስ ዘመን የምትባል ከተማ አለችና አባቴ ጋዜጣው የሚታተመው እዚያ እየመሰለው በጎረቤት ይኮራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እንግዳ ሲቀበሉ ከመደቡ በላይ በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ይቀበሉ ነበር፤ አንገቴን አጣምሜ ያነበብኩትን የውጭ አገር ዜና እስከ ዛሬ በግማሹ አስታውሳለሁ፤ ግማሹን አንድ ምስማር ይዞታል።

ትምህርት ቤት የተሰጠን የባልትና መጽሐፍ ስለ መጋረጃ፣ ስለ ጠረጴዛ ልብስና ስለ ዳንቴል ብዙ ይላል፤ ስለ እበት አንድ ቃል የለውም። እኔም ያንኑ ዓመታት ሙሉ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ዳንቴል ሠርተው ወደየመንደራቸው ይዘው ሲሄዱ፣ እናቶቻቸው የሚያለብሱት ዕቃ አጥተው እንስራውን አለበሱት።

ዛሬ የወንድሜ ልጅ እንፍራንዝ ዋናው መንገድ ዳር የሠራው ቤት ብሎኬት ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ አለ፣ ፕላስቲክ አበባ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። አጥሩም ቆርቆሮ ነው። ቤተሰቡ ግን የሚውለው ከኋላ፣ እንጀራ ለመጋገር በተሠራችው የጭቃ ማድ ቤት ውስጥ ነው። ቡናው እዚያ ይፈላል፤ ልጆቹ እዚያ ያጠናሉ፤ ሳሎኑ እንግዳ ይጠብቃል።

ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ይህንኑ ተናገርኩ። የፖንሴን አጥር አነሣሁ፣ ቀጋ ትከሉ አልኩ፣ ሣር ክዳን እንዴት ሙቀት እንደሚመክት አስረዳሁ፣ መምህርነቴ ተነሣብኝ መሰለኝ። ምራታችን ቡናውን እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እትዬ፣ እርስዎ ጎንደር ሊሾ ላይ ተቀምጠው ለእኛ እበት ያዝዙልናል?» አለች። ሰንበሌጥ የሚታጨድበት መሬት ታርሶ እንዳለቀ፣ ላማቸው አንድ ብቻ እንደሆነች፣ ልቅለቃ በየሳምንቱ ግማሽ ቀን እንደሚበላና ያን ግማሽ ቀን እሷ በገበያ ሽንኩርት እንደምትሸጥበት ነገረችኝ። ወለሉን በጨርቅ ወልውላ በአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ ትጨርሰዋለች።

መልስ አልነበረኝም። ስለ ቀጋው ግን አስቤበታለሁ አለች፤ እሾኹ ዶሮ ከሚሰርቅ ሸለምጥማጥ ይጠብቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይጠብቃል አልኳት። እንግዲያውስ በኋላ በኩል፣ በማድ ቤቱ ዙሪያ ይሁን አለች፤ የመንገዱ ፊት ቆርቆሮ እንደሆነ ይቆያል፤ ቀለም ሊቀቡት ነው።