አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ

አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ በአጼ ቴዎድሮስና በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን መካከል ለሦስት ዓመት ያህል የነገሡ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ከመንገሣቸው በፊት ዋግሹም ጎበዜ ይባሉ ነበር። አገራቸው ዋግና ላስታ፣ ከሮቢትና ከቆቦ ሜዳ በስተምዕራብ፣ ከራያ ቆላ ሽቅብ የሚወጣው ደጋ ነው።

ዋግሹምነት እንደ ማንኛውም የባላባት ሹመት አልነበረም። ዋግሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። መንግሥቱ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር፣ የዋጉ ገዥ በንጉሡ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጥና ነጋሪት እንዲያስጎስም ተፈቀደለት ይባላል። ጎበዜ በእናታቸው በወይዘሮ አይቼሽ ተድላ በኩል ደግሞ የሰሎሞናዊ ዘር አላቸው። በትውልድ ረገድ የሚጎድላቸው አልነበረም።

አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አጼ ቴዎድሮስ አስገደሏቸው። ጎበዜም ሸፍተው ላስታን ያዙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ አጼ ቴዎድሮስ ምሽግ ወደ መቅደላ ሲዘምት መንገድ አልከለከሉትም። የትግራዩ ካሳ ምርጫም እንዲሁ አደረጉ። ሆኖም እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ የተዉት ለካሳ ነው። የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ስጦታ ይመዘዛል።

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ይሁን እንጂ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ቀደም ብለው በመቅደላ እስር ሳሉ አርፈው ስለ ነበር ንጉሡን ቅብዓ መንግሥት የሚቀባ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። ካሳ ግን ከግብጽ አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ።

አጼ ተክለ ጊዮርጊስ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሱ፤ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀችን ለጎጃሙ አዳል ተሰማ ዳሩ። ራሳቸውም የካሳን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አግብተው ነበር። ጋብቻው ግን አማቾቹን አላስታረቀም። ካሳ አልገብርም አሉ፤ ንጉሡም ብዙ ሠራዊት አስከትተው ወደ ትግራይ ዘመቱ። 60,000 ያህል እንደ ነበር ይነገራል፤ የካሳ ጦር ደግሞ 12,000 ያህል። ነገር ግን የካሳ ወታደር ጆን ኪርክሃም በተባለ እንግሊዛዊ የሠለጠነ፣ አዲስ መሣሪያ የታጠቀ ነበር። ዘርንና የሰው ብዛትን ይዘው የሄዱት ንጉሥ የተሸነፉት በዚህ ነው።

ሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሠም በተባለው ስፍራ ውጊያው ሆነ። አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ቆስለው ተማረኩ፤ ዓይናቸውም ጠፋ፤ በእስር እንዳሉ አረፉ። ካሳም ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ 4ኛ ተብለው በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀቡ።