ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ፦ ለመልክ ወይስ ለአነዳድ?

ከቸርኬው ስፋት የጠበበ ጎማ አስገጥሞ ጎኑን መወጠር በጃፓንና በጀርመን የመኪና አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀ የማስዋቢያ ስልት ነው። ደጋፊዎቹ መኪናው ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያግዛል፣ የተወጠረው ጎንም ብዙ ስለማይተጣጠፍ መሪው ፈጥኖ ይታዘዛል ይላሉ። ሁለተኛው ነጥብ ከፊል እውነትነት አለው፤ ይሁንና ለቸርኬው የሚመጥን ሰፊ ጎማ ይህንኑ ጥቅም ያለ ስጋት ይሰጣል።

ልኩ በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። በቤት መኪኖች ላይ የተለመደው 195/65 አር 15 ሲነበብ፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ለዚህ ጎማ የሚፈቀደው የቸርኬ ስፋት ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ነው። በ9 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲወጠር የጎማው ከንፈር አጥብቆ አይቀመጥም፤ ንፋሱ በቀነሰ ጊዜ ወይም በጠባብ ኩርባ ላይ በድንገት ሊወልቅ ይችላል። የቸርኬው ጠርዝም ከጎማው ወጥቶ ስለሚጋለጥ ድንጋይ በቀላሉ ይመታዋል።

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ አሽከርካሪ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ጎማን ወደ ጎን ይገፋሉ፤ በዚያ ላይ ጎሚስታ በየኩርባው አይገኝም።

ቸርኬ የሚቀይር ባለንብረት ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት በአምራቹ መመሪያ ላይ የሰፈረውን ልክ ከጎማው ጽሑፍ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።