የጉለሌ ደጋ፣ ኮሶና የፍየል ትል

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የሰሜን አዲስ አበባው ጉለሌ ለኮሶ ዛፍ የሚስማማ ደጋ ነው፤ የዚህ ዛፍ አበባም ጥሬ ሥጋ በሚበላው የደጋ ሕዝብ ዘንድ ለብዙ ዘመናት የሆድ ትል ማስወጫ ሆኖ ኖሯል። የሚመረጠው የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ሲሆን፣ ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ከደረቀ በኋላ ይወቀጥና በውሃ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ጠጪውም ትሉ እስኪወጣለት እህል ሳይቀምስ ይቆያል። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከማሳወርና እስከመግደል ስለሚደርስ፣ የመድኃኒት አዋቂው ትልቁ ሙያ ልኩን ማወቁ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን ከነሥዕሉ ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ሲሆን፣ በተከታዩ ክፍለ ዘመን አበባው በዚያው አህጉር ለመድኃኒትነት ይሸጥ ጀመር።

አርቢው ለራሱ የሚጠጣውን ለከብቱም አልነፈገም፤ ኮሶን፣ የመተሬን ዘርና የግራዋን ቅጠል በጥብጦ ፍየሉን በጠርሙስ ይግታል። ይሁንና ሰው በኮሶ የሚያስወጣው በአንጀት የሚኖረውን ጠፍጣፋ ትል ሲሆን፣ ፍየልን አብዝቶ የሚጎዳው ግን በአራተኛው ጨጓራዋ ተጣብቆ ደም የሚመጥ፣ የዓይኗን ሽፋን የሚያነጣና መንጋጋዋ ሥር ውሃ የሚያስቋጥር ቀጭን ድቡልቡል ትል ነው። የዚህ ትል እጭ ሣር ላይ ስለሚወጣ፣ ቅጠል መቀንጠብ የለመደችው ፍየል ቁጥቋጦው ተመናምኖ መሬት ለመጋጥ ስትገደድ ይበልጥ ትጠቃለች፤ ስለዚህ ኮሶ በሰው ላይ ያተረፈው ዝና ለፍየል በቂ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. በጉለሌ የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ወራሽ የሆነው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በባህላዊ መድኃኒቶች ላይ ምርምር አካሂዷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም 705 ሄክታር በሚሰፋው ይዞታው አገር በቀል ዕፅዋትን ይጠብቃል። ዛፉን ማዳን ተገቢ ሥራ ቢሆንም፣ የአወሳሰዱ ልክ ካልተመዘገበ የዕውቀቱ ዋና ክፍል ይጠፋል። በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ትልን የገደለ ጭማቂ በፍየል ሆድ ሊከሽፍ ይችላል፤ በጨጓራዋ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ንጥረ ነገሩን ሊበታትኑት ይችላሉና። ስለዚህ ፈዋሽነቱ የሚለየው ፍየሏ መድኃኒቱን ከመጋቷ በፊትና በኋላ በበጠጧ ውስጥ ያለው የትል ዕንቁላል በአጉሊ መነጽር ተቆጥሮ፣ ካልተጋቱት ፍየሎች ጋር ሲነጻጸር ነው።